የቆሻሻ መኪናዎ በክብር እንዲያርፍ

ውድ የድርጅት ባለቤት፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ቆሻሻ የሚጨምቅ መኪና፣ ኮምፓክተር፣ ገዝተዋል። ከሆቴሎች፣ ከገበያ ማዕከላትና ከሪል እስቴት ግቢዎች ቆሻሻ የማንሳት ውል ይዘዋል። መኪናው ባሕር ተሻግሮ ገብቷል፣ ሪባኑ ተቆርጧል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ፎቶው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከእንግዲህ የሚቀርዎት ይህ መኪና በተቻለ ፍጥነት ግቢዎ ጥግ ላይ የሚያርፍበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። ብዙ ሰው ይህ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ጥቂት እንክብካቤ ያገኘ ኮምፓክተር አልሞት ባይ ነው፤ ባለቤቱን ለዓመታት ያስቸግራል። በጊዜ እንዲያርፍ ከተፈለገ ተግቶ መሥራት ያስፈልጋል። እኔም ይህን ምክር የምለግስዎት ድካምዎን ለማቅለል ነው።

መጀመሪያ መመሪያ መጽሐፉን ይቆልፉበት። ከመኪናው ጋር የመጣው ያ ወፍራም መጽሐፍ ቦታው የሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ነው፤ ቁልፉም ሥራ አስኪያጁ ጋ ይሁን። ሹፌሩና ረዳቱ እጅ ከገባ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየስንት ሰዓት ሥራው ምን መደረግ እንዳለበት በሠንጠረዥ ተጽፎ ያገኙታል። ያወቀ ሠራተኛ ደግሞ ግሪስ ይጠይቃል። አንዳንድ ትዕግሥት የሌላቸው ድርጅቶች ሠንጠረዡን በአማርኛ አስተርጉመው በጋቢናው በር ላይ ለጥፈዋል አሉ። መኪኖቻቸው ዛሬም ይሠራሉ፤ ከእነሱ ጋር መዋል አይበጅም።

ሻጩ ከመኪናው ጋር ፊልትሮ፣ የሲሊንደር ጎሚኒና ሁለት ሦስት ቱቦ አብረው እንዲገዙ ሊወተውትዎት ይችላል። አይቸኩሉ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚለው ተረት ለእኛ ለግዥ ሰዎች ነቀፋ አይደለም፤ የአሠራር መመሪያችን ነው። ጎሚኒው ሲቀደድ ጥያቄ ይጻፋል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይሰየማል፤ በማግስቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ መስክ ይወጣል። የጎሚኒው ዋጋ ኮሚቴው ከሚጠጣው ቡና ቢያንስም ሥርዓት ሥርዓት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ሰው ከመጣብዎት ቅጠሉም ቢሆን ያለ ፕሮፎርማ እንደማይገዛ ይንገሩት። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሚመሳሰል ጎሚኒ ፈልጎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በአንድ ሚሊሜትር ቢለይ ግድ የለም። የገባ ዕለት ይይዛል፤ በሳምንቱ ያፈሳል፤ ሁለተኛው ኮሚቴም ሥራ ያገኛል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ኮምፓክተርን በዘይት በኩል እንደ መግደል የተዋጣለት ዘዴ የለም። መኪናው ቆሻሻውን የሚጨምቀው በሃይድሮሊክ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሲሊንደሩን ይገፋል፣ ሲሊንደሩ የመጭመቂያውን ብረት ይገፋል። በፓምፑ ውስጥ በሚፋተጉት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚለካ ነው፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ሲሆን፣ ይህ ክፍተት ከዚያ እጅግ ይጠብባል። ስለዚህ ፓምፑን ለመብላት ድንጋይ አያስፈልግም፤ በዓይን የማይታይ አቧራ ይበቃል። አዲስ አበባ ደግሞ በአቧራ አትታማም። ዘይት ሲጨምሩ ሃይላንዱን ከወገቡ ቆርጠው እንደ ማንቆርቆሪያ ይጠቀሙበት፤ ከመሬት የተነሣና አሸዋ የቀመሰ ቢሆን ይመረጣል። የታንከሩን ክዳን ከፍተው መከላከያው ላይ ያስቀምጡና ስልክ ያናግሩ። የታንከሩ መተንፈሻ ፊልትሮ ከጠፋም በቦታው ጨርቅ ይወትፉ።

የዘይቱ ዓይነት አያስጨንቅዎት። በጀሪካኑ ላይ 32፣ 46 ወይም 68 የሚል ቁጥር ይኖራል። ቁጥሩ ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሙቀት ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ የሚናገር ነው፤ ፋብሪካው አንዱን የመረጠው ፓምፑን አስቦ ነው። እርስዎ ግን መጋዘን ውስጥ ያለውን ያስቡ። የሞተር ዘይት ካለ የሞተር ዘይት፣ የተጣራ አሮጌ ካለ የተጣራ አሮጌ፤ ሁለቱንም ቢቀላቅሉ ደግሞ ምን እንደሚሆን ራሱ ዘይቱም አያውቅም።

የዘይት ፊልትሮው ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ያላት ትንሽ ጌጅ አለች። መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ስትገባ ፊልትሮው ሞልቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህን ጊዜ መኪናው ይቆማል ብሎ ይፈራል። አይቆምም! ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱ ሳይጣራ በጎን የሚያልፍበት ቫልቭ ተሠርቶለታል። ፊልትሮ የነበረው ዕቃ ያኔ ተራ ጣሳ ይሆናል፤ መኪናው ግን ይጨምቃል፣ ውሉ ይፈጸማል፣ ፓምፑም ከውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይበላል። በወር በወሩ ጌጇን የሚጠርግ ሰው ካለ ይከልክሉት፤ ጭቃ ከሸፈናት ማንም አይረበሽም።

ክረምት ሲገባ በዘይቱ መስኮት በኩል ይመልከቱ። መልኩ ማኪያቶ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የገባበት ዘይት አያለሰልስም፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ፓምፑን ያስጮኸዋል። ጩኸቱን ለመሸፈን የጋቢናውን ሬዲዮ ከፍ ማድረግ በሹፌሮች ዘንድ የተፈተነ መድኃኒት ነው።

አንድ ምክር ግን አልሰጥም፤ የሚፈልግ ሌላ አማካሪ ይፈልግ። ቱቦ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅ ዳብሶ መፈለግ። የከባድ መኪና ጎማ ግፊት ወደ 8 ባር ነው፤ በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ከ150 ባር በላይ ሊሆን ይችላል። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ጓንትና ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ውጋት ስለሚመስል ሰውየው ጠርጎት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ዘይቱ ግን በሥጋው ውስጥ ይሄዳል፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሐኪም ካላየው ጣቱን፣ ምናልባትም እጁን ሊያጣ ይችላል። ለመፈለጊያ ካርቶን ይበቃል፤ በቆሻሻ መኪና ላይ ካርቶን አይጠፋም። በተነሣው የኋላ በር ሥር ያለ ድጋፍ ብረት መግባትም እንዲሁ ነው። ያን በር የያዘው ዘይት ብቻ ነው፤ ቱቦው ከፈነዳ የሚይዘው የለም። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ቁልፉም በጠጋኙ ኪስ ውስጥ ሳይገባ ወደ መጭመቂያው አፍ የሚገባ ሰው ካለ ከዚያ ጎትተው ያውጡት። መኪና እንግደል እንጂ ሰው አንግደል።

ወደ ደስ የሚለው ጉዳይ እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ በሃይድሮሊክ የሚጨምቁ የቆሻሻ መኪኖች ገበያ የወጡት በ1938 (እንደ ፈረንጆቹ) አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የሠራቸው የጋር ዉድ ኩባንያ ነበር። ጋር ዉድ የጭነት መኪና አልጋን በሃይድሮሊክ የሚያነሣ መሣሪያ ፈልስፎ ከበለጸገ በኋላ በፈጣን ጀልባ እሽቅድምድም ስሙ የገነነ፣ በውኃ ላይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ለመብረር የመጀመሪያው የሆነ ሰው ነው። የመጭመቂያ መኪናው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ባዶ ካርቶን፣ ጣሳና ወረቀት ከተጨመቀ አንድ መኪና የሁለትን ጭነት ይይዛል። የእኛ ቆሻሻ ግን የምግብ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አመድና አፈር የበዛበት ነው፤ ሳይጨመቅም ከባድ፣ ሳይጨመቅም እርጥብ። የመኪናው ሆድ ሳይሞላ አክሱሉ ይሞላል። ለእንዲህ ያለው ቆሻሻ በየመንደሩ የምናየው 8 ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ገንዳና ገንዳ አንሺው መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላሉ፤ የሚበላሽም ዕቃ ያንሳቸዋል። ነገር ግን ገንዳ አንሺ ለምረቃ አያምርም።

እናም ኮምፓክተሩን ከገዙ ዘንድ ይጫኑት። «አይጨምቅም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መካኒኩ የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ በካቻቪቴ ሁለት ዙር ያጥብቅልዎ፤ ጌጅ መግጠም ጊዜ ማባከን ነው። በዚያን ዕለት መኪናው እንደ አንበሳ ይጨምቃል። በሁለተኛው ሳምንት ቱቦ ይፈነዳል፣ በሦስተኛው የመጭመቂያው ብረት ይጣመማል፣ ከዚያ ብየዳው መሰንጠቅ ይጀምራል። በያጁን በወር ደመወዝ ቢቀጥሩት ይረክስልዎታል።

ስለ ማጠብ አጭር ነው፦ አይጠቡ። የበሰበሰ ምግብ የሚያወጣው ፈሳሽ አሲድ ስላለው ብረቱን ከወለሉ ጀምሮ ይበላል። በተለይ ቆሻሻውን ወደ ውጭ ከሚገፋው ብረት በስተጀርባ የሚሸሸገውን ጥራጊ ማንም እንዳይነካው፤ ሲጠራቀም ብረቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጋል፣ ሲሊንደሩን ያጣምማል። የፈሳሽ ማጠራቀሚያውንም ቡሽ ከፍተው ይተዉት። መኪናው በየአስፋልቱ እያንጠባጠበ እስከ ቆሼ ይሂድ፤ ከተማው ሁሉ አገልግሎትዎን በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም።

ማጠብ ቢቀርም መቀባት ግን አይቅር። በዓመቱ፣ በተለይ እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ቀለም ቀቢ ይጥሩና መኪናውን ከነምናምኑ አረንጓዴ ያስቀቡት። ግሪስ የሚገባባቸው ኒፕሎች በቀለም ይደፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደነበሩ የሚያስታውስ አይኖርም፤ የግሪስ ወጪም ከበጀትዎ ይሰረዛል። የሲሊንደሩ የሚያብረቀርቅ ዘንግም ይቀባ። ቀለሙ ሲደርቅና ዘንጉ ሲገባ ሲወጣ፣ ቅርፊቱ ጎሚኒውን እየፋቀ ይገባል። ከውጭ አዲስ፣ ከውስጥ ያለቀ መኪና ለመሥራት ከዚህ የረከሰ ዘዴ አላውቅም።

በመኪናው ላይ የተገጠሙት የደኅንነት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሥራ ያዘገያሉ። በአውሮፓው ስታንዳርድ የተሠራ መኪና ጫኞቹ የኋላው መቆሚያ ላይ ሲወጡ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክል መሣሪያ አለው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይህን በአንድ ቁራጭ ሽቦ «ሲያስተካክለው» ያዩ እንደሆነ፣ የት እንደሠለጠነ አይጠይቁት፤ በቀን ስንት ዙር እንዲመላለስ እንዳዘዙት ራስዎን ይጠይቁ። ይቅርታ፣ ከቃናዬ ወጣሁ።

መዝገብ የግድ ያስፈልግዎታል፣ ኦዲተር ይመጣልና። የሠላሳውን ቀን ፍተሻ ወር ሲያልቅ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ይሙሉት፦ ዘይት ታይቷል፣ ግሪስ ተደርጓል፣ ቱቦ ተፈትሿል። መኪናው ጋራዥ በዋለባቸው ቀናትም ጭምር ይሙሉ፤ ባዶ ቦታ ጥያቄ ያስነሣል።

ሁለት መኪና ካለዎት ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ አንዱ የሌላው መጋዘን ይሆናል። ዛሬ ሶሌኖይድ ይፈቱለታል፣ ነገ ባትሪውን፣ ከነገ ወዲያ ጎማውን። ሲፈታ «ለጊዜው» ይባላል። በቀጣዩ ክረምት በሥሩ ሣር ይበቅላል፣ በጋቢናው የጥበቃው ዶሮ ትፈለፍላለች፤ በንብረት መዝገብ ላይ ግን ዛሬም «በጥገና ላይ» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ ፈጽመው መኪናው አሁንም የሚሠራ ከሆነ፣ አንድ ሰው እየካደዎት ነው ማለት ነው። ማለዳ ሹፌሩ ሳይመጣ ግቢ ይግቡና ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ረዳቱን ያገኙታል። የተደፈኑትን ኒፕሎች በሽቦ ጠርጎ ግሪስ ሲሞላ፣ ከገፊው ብረት ጀርባ ያለውን ጥራጊ በአካፋ ሲያወጣ፣ ቱቦውን በካርቶን ሲፈትሽ ይደርሱበታል። ሥልጠና ሲመጣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረው፣ ኮሚቴ ሲሰየም ያልተጠየቀው እሱ ነው። የግሪሱን ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ከሆነ ይመልሱለት፤ የመሳቢያውን ቁልፍ ይስጡት፤ ደመወዙንም ዛሬውኑ ይጨምሩለት። ጎረቤትዎ ያለው ድርጅት ባለፈው ሳምንት ስልኩን ጠይቋል።