እመት ጦጢት ዳኛ የሆነች ጊዜ

አራዊት በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይዳኙ በነበረበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል ስመ ጥር ጠበቃ ነበረች። ኩታዋን አጣፍታ፣ ዘንጓን ሰብቃ «በላ ልበልሃ!» ያለች እንደሆነ ነብር እንኳ ጅራቱን ይሰበስብ ነበር። ለፍየል ተሟግታ ነብርን ትረታለች፤ በሳምንቱ ለነብር ተሟግታ ፍየልን ትረታለች። የከፈላት ሁሉ እውነት ነበረው።

ዳኛው አባ ኤሊ ነበሩ። ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ያወጣሉ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ይከታሉ። ከዚያ ሁለት ቃል ተናግረው ይፈርዳሉ። ዕድሜ ጠግበው ሲሞቱ አራዊቱ ተሰብስበው መከሩ።

«ሕግ እንደ እመት ጦጢት የሚያውቅ ማን አለ?» አለ ዝንጀሮ።

ጥንቸል «ማወቁንስ ታውቃለች፤ ግን ዝም ስትል አይቻት…» ብላ ሳትጨርስ፣ ጦጢት ተነሥታ ስለ ዝምታ ጥቅም እስከ ቀትር ተናገረች። ሁሉም አጨበጨበ። እንዲህ ሆኖ በስተርጅናዋ ወንበር ላይ ወጣች።

በመጀመሪያው ቀን ፍየልና ዝንጀሮ በአንድ ጆንያ ማሽላ ተካሰው ቀረቡ። ፍየል «ይኼ ዝንጀሮ ማሽላዬን…» ከማለቷ ዳኛዋ ከወንበሯ ዘላ ወረደች። «ኧረ እንዲህ አይባልም! ነገሩን አበላሸሽው!» ብላ ከፍየል ጎን ቆማ ተሟገተችላት። ዝንጀሮ ለመልስ ሲንተባተብ ደግሞ አንጀቷ አልችል አለና ተሻግራ ለእሱ ቆመች። ሲመሽ ሁለቱም ረቱ። ጆንያው ግን አንድ ነበርና ነቀዝ እስኪጨርሰው ድረስ ዋርካው ሥር ተቀመጠ።

በማግስቱ ጃርት ቀርቦ «እመት ዳኛ፣ አምና ለባላጋራዬ ጠበቃ ነበሩ፤ ከችሎት ይነሡልኝ» አለ። ጦጢት ሕግ አዋቂ ናትና «እውነት ብለሃል» ብላ ተነሣች። ለሚቀጥለውም ነገር ተነሣች፤ ለዚያኛውም። ከጫካው ሁሉ እሷ ያልቆመችለት ወይም ያልረታችው አንድም አልተገኘም። ችሎቱ ሥራ እንዳይፈታ ተብሎ በሰማይ የሚያልፉ እንግዳ ወፎችን እየያዙ ማቅረብ ተጀመረ። አንድ ሽመላ «ጥላህ በአይጥ ጉድጓድ ላይ አርፏል» ተብሎ ተከሰሰ። ጦጢት ስለ አይጧ ስትናገር ሽመላው ራሱ አለቀሰና ላባውን ተቀጣ።

ወፎቹም መንገዳቸውን ቀየሩ። ያን ጊዜ «ሁላችንንም ካወቀችን ሁላችንም እኩል ነን» ተባለና ከችሎት መነሣት ቀረ።

በዚህ መሐል አህዪት «አያ ጅቦ ውርንጭላዬን በላብኝ» ብላ ከሰሰች። እንደ አገሩ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው መጡ። አህዪት «እመት ዳኛ፣ እባክዎ ቋጠሮው ይርዘምልኝ» አለች። ጦጢት «ተራሽን ጠብቂ፤ ገና ነገር አልጀመርሽም» አለቻት።

ከዚያ ለአህዪት ቆመች። የእናትን ሆድ እያነሣች ስትናገር ድንጋይ ያስለቅስ ነበር። አያ ጅቦ ዘወር ብሎ «እመቴ፣ ያኔ በበግ ነገር ለእኔ የተናገሩትን ረሱት እንዴ?» አላት። አልረሳችም። ተሻግራ ለእሱ ቆመች፤ «ውርንጭላ ጅብ ፊት ምን ሊሠራ ሄደ?» አለች። ተመልሳ መልስ ሰጠች፤ የመልስ መልስም ሰጠች። ከራሷ ጋር አንድ ጉንዶ ማር ተወራርዳ ተረታች። የተረታችውም ጦጢት ይግባኝ አለች፤ የረታችው ጦጢት ይግባኙን ተቀበለች።

ጀንበር ጠለቀች። አራዊቱ ዐይናቸውን ከዳኛዋ ሳይነቅሉ አደሩ። ሌሊት ላይ አንድ ድምፅ ሰምተው ነበር፤ ጦጢት «ችሎት ይከበር!» አለችና ጸጥ አሉ።

ሊነጋጋ ሲል ፍርድ ተሰጠ። በዋርካው ሥር እንደዚያ ያለ ፍርድ ተሰምቶ አያውቅም፤ አህዪት ከነሙሉ ካሳዋ ረታች። ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ፤ አያ ጅቦም አፉን ጠርጎ «ፍርዱን ተቀብያለሁ» አለ።

አህዪት ትረከብ ተብላ ስሟ ቢጠራ፣ ከቁራኛው ጫፍ የተገኘው የነጠላዋ ቋጠሮ ብቻ ነበር። እንግዲያስ ወራሿ ይቅረብ ተባለ። ወራሿ ውርንጭላው ነበር። ጦጢት መዝገቡን አገላብጣ፣ ወራሽ እስኪገኝ ድረስ ካሳው በአደራ አያ ጅቦ ዘንድ እንዲቀመጥ አዘዘች።