የውርጌሳን ዛፍ ቆጥሮ መሳሳቻ ዘዴ

የቤተ ክርስቲያን ደንንና ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራን አወዳድረው ውሸት ላይ መድረስ ከፈለጉ፣ ከመኪናዎ አይራቁ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ውርጌሳን አልፎ ወደ መርሳ ሲያመራ፣ ዳር ላይ ባገኙት ቁጥቋጦ 20 በ20 ሜትር ገመድዎን ዘርግተው «ናሙና ወሰድኩ» ይበሉ። ገደሉ ላይ የቀረውን ወይራ አይቁጠሩት።

ቀጥሎ ስም። አንዱ ረዳትዎ «ጥድ»፣ ሌላው «ጽድ» ብሎ ይመዝግብ፤ ሰንጠረዡንም ሳያርሙ ለኮምፒውተር ይስጡ። እኛ አንድ ዛፍ መሆኑን እናውቃለን፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዝርያ ብሎ ይቆጥራል፣ ደኑም በአንድ ሌሊት ይበለጽጋል። ያጠራጠረዎትን ቅጠል ከነአበባው አድርቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሀርባርየም መውሰድ የሚባል ነገር አለ። እሱን ይተዉት።

አሁን ዋናው ጥፋት። አር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ቪጋን የተሰኘውን ጥቅል ከፍተው፣ በጥሬው ቁጥር ላይ በቦታዎቹ መካከል ያለውን የዩክሊድ ርቀት ያስሉ። አንድ ቦታ 1 ወይራ ብቻ፣ ሁለተኛው 1 ግራር ብቻ፣ ሦስተኛው 10 ወይራ ብቻ አለው እንበል። በዩክሊድ ስሌት አንዱ ወይራና አንዱ ግራር በ1.41 ይራራቃሉ፤ ሁለቱ የወይራ ቦታዎች ግን በ9። አንድም የጋራ ዛፍ የሌላቸው ዘመድ፣ ወይራ የሚጋሩት ባዕድ ሆኑ ማለት ነው። ብሬይና ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጠቀሙበት ስሌት የመጀመሪያዎቹን 1፣ ማለትም ፍጹም የተለያዩ፣ የወይራዎቹን ደግሞ 0.82 ይላቸዋል። ስለዚህ አይንኩት።

ያለዎት 3 ደንና 3 ተራራ ብቻ ከሆነ፣ የቡድኖችን ልዩነት በሚመረምረው አኖሲም በሚባለው ፈተና ስድስቱን ቦታዎች ሦስት ሦስት አድርጎ መክፈያው መንገድ 10 ብቻ ነው፤ የፒ ዋጋዎም ከ0.1 በታች አይወርድም። ዘዴው፣ በአንድ ቅጥር ግቢ የለኳቸውን 20 ቁራጭ መሬቶች 20 ደን አስመስሎ ማስገባት ነው። 0.001 ለማግኘት መንገዱ ይከፈትልዎታል። ሃርልበርት ይህን ስሕተት እ.ኤ.አ. በ1984 ስም ሰጥቶ አስጠንቅቆበታል፤ ዛሬም መሠራቱ ያሳዝነኛል።

በዚያ ቁጥር ተመርቶ የትኛው ተራራ ለግጦሽ እንደሚከፈት የሚወስን ሰው ይኖራል፤ የተቆረጠ የወይራ ዛፍም ቶሎ አይተካም። እባክዎ፣ ይህን የሚያነቡ ተማሪ፣ ውርጌሳ ሲደርሱ ከአስፋልቱ ይራቁ፤ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ የዛፉን ስም ይጠይቁት፤ ያዩት ሦስት ደን ከሆነም ሦስት ብለው ይጻፉ።