ከኋላ የሚነዳ የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ከኋላ የሚነዳ ሰው የለም። ሁሉም ከፊት ነው። ከፊቱ ያለው መንገድ የሚዘጋበት፣ ከኋላው ያለው ያለ ምክንያት የሚያጣድፈው ነው እንጂ፣ እሱ ራሱ የማንም «ከኋላ» ሆኖ አያውቅም። ይህን እምነት በሰላሙ ጊዜ ልብ አንለውም። የሚገለጠው መኪኖች ተደርድረው ሲላተሙ ነው። አራት መኪና ሲደራረብ አራት ተበዳይ በር ከፍቶ ይወርዳል። በዳይ የለም። በዳይ ፍለጋው ከዚያ ይጀመራል።

ቦታው ቸርችል ጎዳና ይሁን፤ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደው ቁልቁለት። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ሠራተኛ ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ ካፊያው አስፋልቱን ገና ማርጠቡ ነው። ከፊት በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት የሚነዷት አሮጌ ኮሮላ አለች። ቀጥሎ አንዲት ወይዘሮ በራቭ ፎር፣ ከዚያ ሚኒባስ ታክሲ፣ ከሁሉ ኋላ ሕዝብ «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣለት አይሱዙ። ከዚያ ድምፅ። ድምፁ ስንት ጊዜ እንደተሰማ ለጊዜው እንተወው፤ በኋላ ብዙ ያከራክራል።

«ምን ሆነህ ነው ድንገት የምትቆመው?» ይላል የአይሱዙ ሹፌር፣ ሚኒባሱ ላይ እየጮኸ።

«እኔማ እሷ ቆማ ነው! ልብረርባት?»

«አባባ፣ በባዶ መንገድ ፍሬን ይያዛል እንዴ?» ትላለች ወይዘሮዋ በተራዋ፣ የጠፋ መብራቷን እያየች።

«ልጄ፣ እኔ ቆሜ ነው ያገኘሽኝ» ይላሉ ሰውዬው፤ ከዚህ በላይ ምን ይበሉ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ እስካሁን የተከሰሰው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን መያዝ። የቆመ ሁሉ ተከሳሽ፣ ያልቆመ ሁሉ ከሳሽ ሆኗል። የመኪና ፋብሪካዎች ይህን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ የፍሬን ወጪ ይቀርላቸው ነበር።

በዚህ መሀል ችሎቱ ይሰየማል። ሎተሪ አዟሪው፣ ሊስትሮው፣ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ ከባንክ ወጥቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሄድ የነበረ ባለ ከረባት፤ ሁሉም ዳኛ ነው። የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ግን ሌላ ጉዳይ አላቸው። «ሒሳባችንን መልስ!» ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ብይን ይሰጣል፦ «እስከዚህ አድርሰናችኋል፤ ግማሽ ነው የምመልሰው።» ይህን ግማሽ ያዙልኝ።

የአስፋልቱ ችሎት የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ከኋላ የገጨ ይከፍላል። አጭር ነው፣ ለማስታወስም ይመቻል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን እንዲህ አይልም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም የወጣው ይህ ሕግ፣ በአንቀጽ 2084 ስለ ሁለት ተሽከርካሪዎች ግጭት ሲናገር መነሻው ሌላ ነው። ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ስለዚህ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ከፊት፣ ከኋላ የሚል ነገር የለም። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው። ከኋላ የገጨውም የሚሸነፈው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን ያነሳና «ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ እኩልነት አለቀ።

ረዳቱ ሕግ አልተማረም። ነገር ግን በሒሳብ መልሱ ከሬኔ ዳቪድ ጋር ገጥሟል። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ወዲያው የሚመጡትን ሽማግሌም ብትሰሙ ያው ነው። «እባካችሁ በእግዚአብሔር፣ ብረት ነው፣ ይሠራል፤ ሰው ተርፏል። ግማሽ ግማሽ አድርጋችሁ ተለያዩ።» መኪኖቹ ሁለት ቢሆኑ ግሩም ፍርድ ነበር። አራት መኪና ላይ ግማሽ ግማሽ እንዴት እንደሚካፈል ግን ሽማግሌውም አልተናገሩም፤ አንቀጹም የሚያወራው ስለ ሁለት ነው።

የተከታታይ ግጭት ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አራት መኪና ሲደራረብ የተፈጠረው አንድ አደጋ አይደለም፤ እስከ ሦስት ሊደርስ ይችላል። ለፍርዱ ወሳኙ ነገር ደግሞ ማን ማንን ገጨ የሚለው ሳይሆን የቱ ቀደመ የሚለው ነው። ሚኒባሱ በሰላም ቆሞ አይሱዙው ገፍቶት ራቭ ፎሯ ላይ ጥሎት ከሆነ፣ የሁሉም ዕዳ የአይሱዙው ነው። ሚኒባሱ ቀድሞ ገጭቶ አይሱዙው በኋላ ከደረሰበት ግን፣ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጀርባ ይከፍላል፤ የራሱን አፍንጫ ደግሞ በራሱ ኪስ ወይም በሙሉ ኢንሹራንሱ ያሠራል። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ቦታ መሀል ላይ ያለው ሹፌር ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል የሚሰጠው፦ «ተገፍቼ ነው!» ለሃያ ዓመት ማንም ገፍቶኝ አያውቅም እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት መገፋቱን ለማስመዝገብ ይሽቀዳደማል።

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የሚቆጠረው። ከፊት ያለው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ከተመታ፣ ሁለተኛዋ መኪና ቆማ ሳለች ተገፍታ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ ከተመታ ግን በመጀመሪያ የገጨችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ማንም ከቁብ ያልቆጠራቸው አባት በድንገት የችሎቱ ባለሟል ይሆናሉ። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ነበር አይደል?» ትላለች ወይዘሮዋ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ኧረ ሁለት ነው ጋሼ፣ ያስታውሱ!» ይላል ባለ ሚኒባሱ።

«እኔ ቁጥር አልያዝኩም» አሉ፤ «በስመ አብ ነው ያልኩት።»

በዚህ መሀል የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ብልህ ነበር። «ስንት ጊዜ አሉ?»

አሰቡ። «ሁለቴ።»

የወይዘሮዋ ጉዳይ በዚህ ተቋጨ። ጆሮ ባይገኝም ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። መኪና በኃይል ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ወደ መሬት ዝቅ፣ ጀርባዋ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፍሬን ይዞ የገጨና ቆሞ የተገፋ በፊተኛው ፓራውልት ላይ የሚተዉት ምልክት በከፍታ ሊለያይ ይችላል። የሚኒባሱን ጉዳይ ደግሞ የተሳፋሪዎቹ ግንባር ፈታው። ከኋላ የተመታ ሰው መጀመሪያ የሚጣበቀው ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ነው፤ ወደ ፊት የሚወረወረው የተሳፈረበት መኪና ራሱ ሲገጭ ነው። «መጀመሪያ ወደ ፊት ነው የሄድነው!» አለ አንዱ፣ ግንባሩን እያሻሸ። ሹፌሩ በመስታወት ክፉኛ አየው። ተሳፋሪው የሒሳቡን ግማሽ ተከልክሎ የምስክርነቱን ሙሉ ሰጠ።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ሁሉ ወግ ውስጥ «ይቅርታ» የሚል ቃል አልሰማችሁም። ሰዎቹ ባለጌ ሆነው ብቻ አይደለም። የተለመዱት የመድን ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትን ማመን፣ ካሳ ቃል መግባት አይቻልም ይላሉ። ስለዚህ ባለ ሙሉ ኢንሹራንሱ ጨዋነቱን ቤቱ ትቶ ይወጣል። የሦስተኛ ወገን ብቻ ያለው ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለበት። ይህን መድን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559 በ2000 ዓ.ም ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። የዛሬን የመለዋወጫና የቦዲ ሥራ ዋጋ የሚያውቅ አንባቢ የዚያን ጊዜዋን መቶ ሺህ በናፍቆት ያስባታል።

እሺ፣ ርቀት ለምን አይጠበቅም? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጨርሳል፤ ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፤ አንዳንዱማ ስልኩን እስኪያስቀምጥ ከዚያም በላይ። በ3 ሜትር ርቀት የሚከተል ሹፌር ፍሬኑ በረከት ቢሆን እንኳ አይደርስለትም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም መኪና ሲገባላቸው ይህ ችግር አልነበረም፤ ከኋላ የሚከተለው ፈረስና በቅሎ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለ መንጃ ፈቃድ ይቆማል።

ሹፌሮቻችን ይህን ሒሳብ ለፈተና አጥንተውት ነበር። የረሱት ስላልገባቸው አይደለም። በዚህ ከተማ ከመኪናህ ፊት የተውከው ርቀት፣ አጥር እንዳልዞረበት የዳር መሬት ነው፤ ያየው ሁሉ ይገባበታል። ሁለት ሰከንድ የተወ ሰው በሁለተኛው ሰከንድ አንድ ቪትዝ ፊቱ ያገኛል። ለእሷም ርቀት ልተው ሲል ሚኒባስ ይገባል። ሕግ አክባሪው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ወደ ተነሣበት ሰፈር ይመለሳል። ከኋላውም ጡሩንባ ይነፋበታል፦ «ሂድ እንጂ! ቦታ አለልህ!» ቦታው ባዶ የሆነው ባዶ እንዲሆን ተፈልጎ ነው ብሎ ማስረዳት ከመገጨት ይከብዳል። አራቱም ሰዎች ሲነዱ የኖሩት ይህን ክፍተት ለማንም ላለማስነካት ነበር። ከአባትዬው በቀር።

ኮሮላዋ ለምን ቆመች ብሎ እስካሁን ማንም አልጠየቀም። መልሱ የነበረው ሊስትሮው ዘንድ ነው። «ነጭ ቪትዝ ገባችባቸው» አለ ብሩሹን እየጠረገ፤ «እሳቸው ቦታ ትተው ነበር። በቀኝ መጥታ ዘው አለች፤ እሳቸው ፍሬን ያዙ፤ እሷ ሄደች።» ታርጋዋንስ? ፍሬቻ እንኳ አላበራችም፣ ታርጋዋን ማን አየ።

የትራፊኩ ፕላን ላይ አራት ሳጥን ተሥሏል፤ አምስተኛ የለም። አይሱዙው የሚኒባሱን ጀርባ ይከፍላል። ሚኒባሱ የራቭ ፎሯን ጀርባ፣ በሁለተኛው በስመ አብ ኮሮላዋ ላይ የተጨመረውንም። ወይዘሮዋ የመጀመሪያውን በስመ አብ። አባትዬው ጥፋት የለባቸውም፤ ለእሳቸው የደረሳቸው ጋራዥ መመላለስ፣ ፕሮፎርማ መሰብሰብና በታክሲ ተሰልፎ ቤት መግባት ነው። ያን ቀን ከሁሉም ርቀት የጠበቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ያቺን ነጭ ቪትዝ የምትነዳው አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ ስለ አደጋው ሳትሰማ ቀርተህ ይሆናል። በሰላም ገብተሃል፣ ቢያንስ ሦስት ደቂቃም ቀድመሃል። አራቱ ሰዎች ይፈልጉሃል።