በበዓለ ሃምሳ ሽሮ ፍለጋ

ሥጋ የማትበላ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ይዞ አገር ለመዞር ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ የለም። በ55ቱ ቀን ውስጥ የትኛውም ከተማ ብትወርዱ በያይነቱ አለ፣ ተጋቢኖ አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፤ ኬክ ቤቱ ሳይቀር «የጾም ኬክ አለን» ብሎ ይለጥፋል። አስተናጋጁም ሥጋ አለማዘዛችሁን ከጽድቅ ይቆጥርላችኋል። ሁዳዴ ቢያልፍ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ፍልሰታ አለ፤ የነቢያት ጾም አለ። ሁሉም ሲደማመር የዓመቱን ግማሽ ገደማ ይይዛል። ሥጋ ለማይበላ ሰው ከዚህ የሚመች አገር ካለ እኔ አልሰማሁም።

እኛ ግን የተጓዝነው በበዓለ ሃምሳ ነው።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን ይበላል። ሕዝበ ክርስቲያኑ የሁዳዴን ውዝፍ የሚያወራርድበት ሰሞን ነው። ሽሮ ከሜኑ ይሰረዛል፤ ጎመን ብቻውን መታየቱ ይቀርና ከሥጋ ጋር ካልሆነ ከማዕድ ቤት አይወጣም። በዚህ ሰሞን ምግብ ቤት ገብቶ «የጾም አላችሁ?» ማለት ሠርግ ቤት ገብቶ «ሬሳው ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» እንደ ማለት ነው። እኛም የምንሄደው ሠርግ ነበር። በሁዳዴ ስለማይዳር አገሬው ከፋሲካ በኋላ ተሽቀዳድሞ ይዳራል፤ የባለቤቴ ታናሽ እህትም ተራዋ ደርሶ ሐዋሳ ላይ ድንኳን ተተክሎላታል።

ስለ ልጄ ትንሽ ላስረዳ። ሥጋ አትብዪ ያላት ሰው የለም። እኔም እናቷም እንበላለን። እሷ ግን ጥርስ ካበቀለች ጀምሮ ሥጋ አፏ ውስጥ ሲገባ ማላመጧን ታቆምና ታስባለች። ከዚያ ታወጣዋለች። መሬት ግን አትጥልም፤ ጨዋ ናት። የአባቷን መዳፍ ትዘረጋና እዚያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እንዳይጠፋብኝ ደግሞ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታጥፍልኛለች። ሐኪሟ «እንቁላልና ወተት እስከወሰደች ድረስ አትጨነቁ፤ ምስሩም ሽምብራውም አለላችሁ» ብላን እኛም መጨነቁን ትተን ነበር፤ ከቤት እስክንወጣ ድረስ።

ችግሩ ሥጋ ብቻ ቢሆን በተገላገልን ነበር። እንቁላል ትበላለች፤ ነጩን ብቻ። ሩዝ ትበላለች፤ ባዶውን። ፓስታም ትበላለች፤ ምንም ነገር ካልነካው። አረንጓዴ ነጥብ ካየች ምሳው አበቃ። እንጀራም ትወዳለች፤ ዓይኑን ግን ትፈራዋለች። «ያየኛል» ትላለች። ስለዚህ እኛ ቤት እንጀራ ተገልብጦ ነው የሚቀርበው፤ እንግዳ ሲመጣ ምክንያቱን ለማስረዳት እንቸገራለን። ባጭሩ ልጄ ዓይን ያለውን ነገር አትበላም፤ እንጀራንም ጨምሮ።

ለመንገዱ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና በፔርሙስ አጥሚት ይዘናል። የፍጥነት መንገዱ ላይ እንዳሻው መቆም ስለማይቻል ልጄ ከመሰላቸት የተነሳ ሞጆ ሳንደርስ ሙዙን ጨረሰችው። ድንቹ ላይ እናቷ ተቀምጣበታለች። አጥሚቱ እንዳለ ቀረ፤ በልጄ ሕግ አጥሚት ቤት እንጂ መኪና ውስጥ አይጠጣም።

ከመቂ እስከ ባቱ ያለው መንገድ ሆድ ለባሰው ወላጅ ፌዝ ነው። ግራና ቀኙ የአትክልት አገር ነው። በዝዋይ ሐይቅ ውኃ የለማው ቲማቲም በሳጥን፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ተደርድሮ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። ፓፓያው እንደ ጉድ ነው። ይህን ሁሉ እያየን ባቱ ገብተን አንድ ምግብ ቤት ተቀመጥን፤ አስተናጋጁ መጣና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአንድ ትንፋሽ ወረደው፦ «ጥብስ፣ ሸክላ ጥብስ፣ ጎድን ጥብስ፣ ዱለት፣ ክትፎ፣ ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ጎመን በሥጋ፣ ቁርጥ።»

«ሥጋ የሌለበትስ?»

«ዓሣ አለ።»

«ዓሣም አትበላም፤ ለልጅቷ ነው።»

«ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም ጋሼ።»

ይህ ክርክር ከእኔና ከአስተናጋጁ በፊት ስንት ሊቃውንት የተከራከሩበት ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፤ አይበላም ብሎ የሚገዝት አለ፤ ጉዳዩ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ልጄ ግን አቋሟን ለመግለጽ ጊዜ አልፈጀባትም። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ቆሮሶ ተቀምጧል፤ አየችው፤ እሱም አያት፤ እናቷ ነጠላ ውስጥ ገባች።

«ሽሮ ጨርሶ የለም?» አለች ባለቤቴ።

«አለ!» አለ ልጁ ደስ ብሎት። «ቦዘና።»

«ቦዘና ሥጋ አለው እኮ የኔ ወንድም።»

«ሥጋውን ለብቻ አድርገን እናምጣላችሁ?»

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ነገሩን ሲከታተሉ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ ያውም በበዓለ ሃምሳ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ሕፃን አታስርቡ አሉን። ጾም አይደለም አባባ፣ እንቁላልና ቅቤ ትበላለች ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። እሳቸውም አስበው «እንቁላል ከበላች ሥጋው ምን አደረጋት?» አሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። እኛ አገር ሰው ወይ ይጾማል ወይ ይፈስካል፤ እንቁላል እየበላ ሥጋ የሚተው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አስተናጋጁም፣ አባትየውም፣ እኔም አናውቅም።

በመጨረሻ በፓስታ ተስማማን። ባዶውን። «ባዶ ፓስታ ለእንግዳ?» አለ ልጁ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ለእኛ ማዘን ነበር። ወንበሩ ለልጄ ስላጠራት የቢራ ሳጥን ገልብጦ፣ ላዩን በመወልወያ ወልውሎ፣ በካርቶን ሸፍኖ አመቻቸላት። ፓስታው መጣ። ነጭ ነው፤ ትኩስ ነው፤ አንድም ነገር አልነካውም። መሐሉ ላይ ግን ከማዕድ ቤት አንድ ደግ ሰው፣ እንዲያው ባዶውን ከሚሄድ ብሎ መሰለኝ፣ ቁልቁል የተሰነጠቀ ቃሪያ ተክሎበታል።

ልጄ ሳህኑን በሁለት እጇ ገፋችው። ቃሪያውን አነሳሁት። ዘሩ ግን ቀረ። አንድ ዘር አገኘች፤ በጣቷ ጫፍ አንስታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችውና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛ አገኘች። እኔ ዘር እየተቀበልኩ፣ ፓስታው እየቀዘቀዘ፣ አባትየው በዝምታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ባለንበት ሰዓት አንዲት ሌላ አስተናጋጅ መጣችና «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ ሚጣዬ» ብላ ልጄን አንስታ ሄደች።

ይህን ውጭ አገር ላለ ሰው ስነግረው ይደነግጣል። እዚያ ለልጅ ከፍ ያለ ወንበር አለ፣ የሚቀባ ወረቀትና እርሳስ አለ፣ የልጅ ሜኑ አለ። ባቱ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም፤ ልጃችሁን ይዞ የሚጠፋ ሰው ግን ሳይጠሩት ይመጣል። እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩስ ምግብ በላን። ጥብስ ነበር፤ ጥሩ ጥብስ ነበር፤ ስለ ልጃችንም ያስታወስነው ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ነው።

ያገኘኋት ጓዳ ነው። ሌላ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ወጥ ሠሪዋ፣ አስተናጋጇና ዕቃ አጣቢዋ አንድ ትሪ ከበው ምሳ እየበሉ ነው። ትሪው ላይ ያለው ሽሮ ነው። ያውም በርበሬ ያልነካው ነጭ ሽሮ! ወጥ ሠሪዋ ጨጓራቸውን ያማቸዋል፤ በርበሬ ከተዉ ቆይተዋል፤ በእሳቸው ጨጓራ ምክንያት የዚያ ጓዳ ሠራተኛ ሁሉ አልጫ ነው የሚበላው። እንጀራውን በሽሮ ሲጠቀልሉት ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የማያይ እንጀራ ሆኗል። ልጄ አፏን ትከፍታለች፣ ያጎርሷታል፣ ትውጣለች፣ ትከፍታለች። እኔ ቤት ውስጥ እየዘፈንኩ፣ አውሮፕላን እየሆንኩ፣ አንዳንዴም እየለመንኩ የማላስገባውን!

«እናንተ ጥብሱን አትበሉም እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ሥጋው በሚዛን ገብቶ በሚዛን የሚወጣ፣ የባለቤቱ ነው። ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የጥብስ ጭስ ስትጠጣ የዋለች ሴት ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ ቢሰጧት አታየውም። ሠራተኛው የሚበላው ሽሮ፣ ምስር ወይ ድንች ነው፤ ፋሲካም ሆነ ሁዳዴ።

ሻሸመኔ ስንደርስ መንገድ ዳር የሻሸመኔ ድንች ተቆልሏል፤ ድንቹን ግን ልጄ ከእናቷ ቀሚስ ጋር ስላያያዘችው አልነካም አለች። ባለቤቴ «ጃማይካ ሰፈር እንሞክር» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያን ብዙዎቹ ሥጋ አይቀምሱም፤ አይታል የሚሉት ምግባቸው ከምድር ከበቀለ ነገር የሚሠራ ነው፤ ጨው እንኳ የማይጨምሩበት አሉ። ድሬዳቸው ወገብ የደረሰ አንድ ሽማግሌ ተቀበሉን። «ልጅቷ ሥጋ አትበላም» አልኳቸው። «ጥሩ» አሉ። ለምን የለ፣ ጾም ነው ወይ የለ፣ በቃ ጥሩ። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሩዝ በቦሎቄ ቀረበልን፤ በኮኮናት የተሠራ፣ ሽታው ብቻ የሚያጠግብ። ልጄ አየችው። ሩዙ ቦሎቄውን ነክቶ ቀላ ብሏል። መዳፌን ዘረጋችው። እኔና እናቷ እስከ ጠርዙ ድረስ ጠርገን በላነው፤ ሽማግሌውም ለልጄ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት።

ስለ ሠርጉ ብዙ አልልም። ሥጋ ነበር። በሬው እዚያው ተሰቅሎ ቁርጥ ይቆረጣል፤ አክስቶች ደግሞ ልጅቷ ከሳች ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። አንዷ «መረቁን ብቻ፣ መረቅ ሥጋ አይደለም» ብላ ሩዙ ላይ በስውር አፈሰሰችበት፤ ልጄ አንድ ማንኪያ ቀምሳ የአክስቲቱን መዳፍ ፈለገች። ያተረፈን አንዲት የሲዳማ ጎረቤት ናት። ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ የሚቀርበውን ቡርሳሜ፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን፣ ለሙሽራዋ ቤት በሰፊ ሳህን ይዛ መጥታለች፤ ወተትም አብሮ። ልጄ ጠጋ ብላ መረመረችው። ነጣ ያለ ነው። ዓይን የለውም። አረንጓዴም የለበትም። በላች። ኮሚቴው ሊበተን ትንሽ ቀረው፤ አንዷ አክስት ግን ቅቤው ከላም መሆኑን አስታውሳ «ታዲያ ላሟ ምን አደረገቻት?» አለች።

ስንመለስ መቂ ላይ ቆምን። አሁን ብልሃቱን ስለማውቀው ሜኑ አልጠየቅኩም። አስተናጋጁ ትንፋሹን ሰብስቦ «ጥብስ» ሊል ሲል አቋረጥኩትና «እናንተ ራሳችሁ ዛሬ ምሳ ምን በላችሁ?» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ጓደኛውን አየ። ገባ፤ የቤቱን ባለቤት ይዞ ወጣ። ሰውየው እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ከጤና ቢሮ ነዎት እንዴ? ሠራተኞቻችን ሁሉ ደብተር አላቸው» አለኝ። ልጄን አሳየሁት፤ አሁንም አላመነኝም። እስኪያምነኝ ድረስ ስለ ማዕድ ቤቱ ንጽሕና፣ ስለ ውኃው ታንከር፣ ባለፈው ስለቀየሩት ወለል ብዙ ነገር አወቅኩ። በስተመጨረሻ ከሠራተኞቹ ትሪ ላይ ተቀንሶ ድንች አልጫ መጣ፤ ልጄ የራሷን ጨርሳ የእናቷን ቀጠለች።

ሂሳብ ስጠይቅ ሌላ ጣጣ ተፈጠረ። የሠራተኛ ምሳ ዋጋ የለውም፤ ማሽኑ ላይ የለም፤ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ባለቤቱ «ተዉት» አለ። አይሆንም ብዬ ጓዳ ገብቼ ለወጥ ሠሪዋ መቶ ብር ዘረጋሁ። እትዬ ተቆጡ። «የልጅ ምግብ ይሸጣል እንዴ?» አሉና ብሩን ነጥቀው ልጄ ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ለከረሜላ» አሏት።

ይህን ቃል ልጄ ታውቀዋለች። ከመቂ እስከ ቃሊቲ ኪሷን በእጇ ይዛ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ቤት ገብተን እናቷ «እራት ምን ልስጥሽ?» ስትላት መልሱ ያው ነበር፤ ባለቤቴም እኔን ተቆጣች። ሆኖም ነገሩን አጥብቄ መከራከር አልቻልኩም፦ ከረሜላ ሥጋ የለበትም፣ ዓይን የለውም፣ ነጩም አለ፣ ደግሞም በበዓለ ሃምሳም ሆነ በሁዳዴ የትኛውም ሱቅ ይገኛል።