በ46 ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል

ማይነስ 3፣ በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ 2፣ እኩል ይሆናል 12። ትልቋ ልጄ «ኤክስ ማይነስ 2 ነው» ብላ ጻፈችና ደብተሯን ልትከድን ስትል «ቆይ እስቲ» አልኳት። ቤታችን ውስጥ ይህችን «ቆይ እስቲ» የማይፈራ የለም። እርሳሷን ተቀበልኩ፣ ግንባሬ ላይ ሰቅዬው የነበረውን መነጽር አወረድኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማይነስ 3ን መጀመሪያ ከኤክስ ጋር አባዛሁት። ቀጥዬ ከ2 ጋር አባዛሁትና ማይነስ 6 አልኩ።

«አባዬ፣ ማይነስ በማይነስ እኮ ፕላስ ነው።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?»

ኤክስ ማይነስ 6 ወጣ። የእሷን መልስ በላጲስ አስጠፋኋት፤ ያውም ዱካው እንዳይታይ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ። በማግስቱ ደብተሩ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሸክሞ ተመለሰ። መምህሯ ከጎኑ «ትናንት ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን በትክክል ሠርተሽ ነበር፤ ምን ነካሽ?» ብላ ጽፋለች።

ምን እንደነካት እኔ አውቃለሁ። አባቷ ነው የነካት።

ይህ በልጆቼ ትምህርት የመግባት በሽታ የጀመረኝ ጥር 2015 ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑት ፈተና ውጤቱ ተነገረ። ወደ 900 ሺሕ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ዜናውን ያነበብኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ቤት ስገባ ያኔ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ካርቱን ታያለች። ከሦስቱ ናት ወይስ ከዘጠና ሰባቱ? ምንም ሳልናገር ሪሞቱን ነጠቅኳት።

ያ ቁጥር ስለ መምህራን፣ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ቤተ ሙከራ፣ ለዓመታት ሲከማች ስለኖረ ኩረጃ ብዙ የሚናገረው ነበረው። እኔ የሰማሁት ግን ስለ ካርቱን ሲናገር ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ 5.4። ቁጥሩ ቢወርድም ቢወጣም የእኔ እርምጃ አልተለወጠም፦ ተጨማሪ ወርክሺት።

በአራት ቀለም እስክሪብቶ የጥናት ፕሮግራም አውጥቼ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ከ11 ሰዓት እስከ 11፡30 መክሰስ፣ ከ11፡30 እስከ 1 ሰዓት ሒሳብ፣ ከዚያ ሳይንስ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ፕሮግራሙ 9 ቀን ሠርቷል፤ ከዘጠኙ በሁለቱ ቀን መብራት አልነበረም። የእኔ ድርሻ «ክትትል» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ክትትል ማለት ልጆቹ ሲያጠኑ ከፊታቸው ተቀምጦ ስልክ መነካካት ነው። አንድ ማታ ትንሹ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ አንተስ የምን ትምህርት ነው የምታጠናው?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔ ያን ሰዓት አንድ ሰውዬ ፍየል ሲያስጨፍር እያየሁ ነበር። «የሥራ ነው» አልኩት።

ስለ ትንሹ ካነሳሁ የጎጆውን ጉዳይ ሳልናዘዝ ማለፍ አልችልም። 3ኛ ክፍል ነው። «የጎጆ ቤት ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ» ተባለ። የተሰጣቸው ጊዜ 2 ሳምንት ነው። እኔ የሰማሁት እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ማስረከቢያው ሰኞ ጠዋት። ልጁ ላይ ልጮህ ስል ባለቤቴ ኮሙኒኬሽን ቡኩን ከፍታ አሳየችኝ። ትእዛዙ በግልጽ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። (በዚህ ነጥብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አንዳንድ አንባቢዎቼ ያውቃሉ።)

የፓስታ ካርቶን ቀደድኩ። ለጣሪያው የሣር መጥረጊያችንን አራቆትኩት። ግድግዳው ጭቃ እንዲመስል የቡና አተላ በኮላ ለውሼ ቀባሁት። ጉልላት ሲያጥረኝ የባለቤቴን የሽቶ ክዳን አነሳሁ። ልጁ እስከ 3 ሰዓት ድረስ አጠገቤ ቆሞ «እኔ ልለጥፍ?» ሲለኝ ነበር። «ታበላሸዋለህ» አልኩት። ሄዶ ተኛ። እኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በመቀስ የሣሩን ጫፍ እያስተካከልኩ ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቴ ሪፖርት እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ጠዋት ጎጆውን ታቅፌ ስደርስ የክፍሉ ጠረጴዛዎች ላይ የአባቶችና የእናቶች መንደር ተቆርቁሯል። እርስ በርስ ሰላም እየተባባልን በዓይናችን ጎጆ እናማርጣለን። አንዱ አባት አምፖል ገጥሞለታል፤ በባትሪ ድንጋይ ይበራል። ዓይኔ ቀላ። በሩ አጠገብ አንዲት ወደ ጎን ያዘመመች፣ ኮላዋ ላይ የትንንሽ ጣቶች አሻራ የቀረባት ጎጆ ነበረች። ሁላችንም በአዘኔታ አየናት።

እሷ 10 ከ10 አገኘች። የእኔ 7። መምህሯ ልጆቹን አንድ በአንድ ስትጠይቅ ትንሹን «መሐል ላይ የቆመው እንጨት ምን ይባላል?» ስትለው «አባዬን ጠይቂው» ብሏታል። ምሰሶ የሚለውን ቃል ሳላስተምረው ምሰሶውን አቆምኩለት። ላስጨምርለት ሄድኩ፤ አዎ፣ ለ3 ነጥብ ከሥራ አስፈቅጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሯ በትሕትና ሰማችኝና «እርስዎ እኮ 10 ከ10 ነዎት፤ 7 ያገኘው ልጁ ነው» አለችኝ። ነገሩ ስድብ መሆኑ የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ «10 ከ10» የምትለውን እያጣጣምኩ ደስ ብሎኝ ነበር የምሄደው።

ስለ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አጭር ኑዛዜ ላቅርብ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንዲት እናት «የ3ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ጥያቄ 5 መልሱ ምንድን ነው?» አለች። ቀድሜ መለስኩላት፤ ስህተት ነበር። 11 ወላጅ አውራ ጣት ሰጠኝ። በማግስቱ 12 ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት ይዞ ክፍል ገባ።

ከሁሉም የከፋው ግን ጉራዬ ነው። ልጆቼ የሚያውቁት አባት በልጅነቱ ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ብርድ በሬሳ ወንዝን በባዶ እግሩ እየተሻገረ የተማረ፣ በኩራዝ ያጠና፣ በ1990 ማትሪክ ሒሳብን ኤ ያመጣ ሰው ነው። ወንዙ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄዷል። ባለፈው ዓመት ልጅቷ በሴሚስተር 14ኛ ወጥታ ስትመጣ ይህንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። መጥፎ አጋጣሚ ሆኖ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሶፋው ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አቆመች።

«የምን ወንዝ?» አለች። «ትምህርት ቤቱ ከአጥራችን ጋር የሚዋሰን አይደለም እንዴ? ደወል ሲደወል ነበር እኮ ከአልጋ የምትነሳው።»

«እማዬ፣ እሱ እንኳ…»

«ደግሞ ሰባተኛን ደግመህ የለ? ልጅቷን ምን ታስጨንቃታለህ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሹ «መድገም ምንድን ነው?» አለ። ትልቋ ግን ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች፤ ልክ እኔ እንደምቆመው። በ1984 ዓ.ም. መሆኑን፣ ደርግ ወድቆ ጊዜው ግራ የተጋባ እንደነበር አስረዳሁ። እናቴ ይህንንም አላለፈችልኝም፤ የጎረቤቶቻችን ልጆች በዚያው ዓመት ማለፋቸውን አስታወሰች። እውነቱን ለመናገር፣ አገር ወደ ሽግግር መንግሥት ሲሸጋገር ወደ ስምንተኛ ያልተሸጋገርኩት እኔ ነኝ። የማትሪክ ሒሳቤም ዲ ነው። ይህን እናቴ አታውቅም፤ እዚህ መናገሬ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ወንዙ አላወራሁም። መጨነቄን ግን አልተውኩም። የሚኒስትሪ ሰሞን መጣ። ድሮ ትምህርት ሚኒስቴር ለመላ አገሪቱ ያዘጋጀው የነበረው የ8ኛ ክፍል ፈተና ዛሬ የሚወጣው በክልልና በከተማ ትምህርት ቢሮ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም፤ እኔንም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የድሮ የቆሎ ተማሪዎች ትምህርት እንዲዘልቃቸው አብሾ ይጠጡ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። አብሾ ያሳብዳል ስለሚባል ለልጄ አብሽ አጠጣኋት። ከስሙ ቅርበት ሌላ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። ዓሣ ለጭንቅላት ጥሩ ነው ተብሎ በሳምንት ሦስት ቀን ዓሣ ገዛሁ፤ ልጅቷ ዓሣ አትወድም፤ እኔ በላሁት። በጭንቅላቴ ላይ ያመጣውን ለውጥ የሒሳቡን ታሪክ ያነበበ ይፍረድ።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሳልነግራቸው ኡራኤል ሄድኩ። ለዕዝራ የጥበብ ጽዋ ያጠጣ መልአክ ነውና የፈተና ሰሞን ደጁን የሚሳለም ተማሪ ብዙ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ሸበቶ እኔ ብቻ ነበርኩ። «ልጄ ካለፈች ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አጠገቤ የቆመች ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ «አባባ፣ እርስዎም ይፈተናሉ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልትስቅ ይገባታል፤ ከቤት ስወጣ የልጄን ሦስት እርሳሶች ኪሴ ይዤ ነበር፣ እንዲባረኩ።

የፈተናው ዕለት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነቅቼ ሁሉን አዘጋጀሁ። አራት እርሳስ፣ ሁለት ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ውሃ፣ ዳቦ በማር። አድሚሽን ካርዷ እንዳይጠፋ ብዬ ደግሞ አስተማማኝ ቦታ አስቀመጥኩት። በር ድረስ ሸኘኋት፣ «አትደንግጪ፣ ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ፣ የማታውቂውን ዝለዪው» እያልኩ ጆሮዋን አደነቆርኩና ወደ ሥራ ሄድኩ። ሜክሲኮ አደባባይ ስደርስ ስልኬ ጠራ።

«አባዬ፣ ካርዴ የት ነው?»

ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። አስተማማኙ ቦታ የኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር። ኮቱን ለብሼዋለሁ።

የዚያን ቀን ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጥኩት በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ሾፌሩ «ይያዙኝ» ሲለኝ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። ከፈተና ጣቢያው በር ስደርስ ልጄ ከዘበኛውና ከአንድ ፈታኝ ጋር ቆማ ታወራለች፤ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ አስፈልጋ፣ ማንነቷን የሚያረጋግጥ መምህር አስጠርታ ነገሩን ጨርሳዋለች ማለት ይቻላል። ካርዱን ሰጠኋት። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ክራባቴ በንፋሱ ትከሻዬ ላይ ተጠምጥሟል። አየችኝና «አባዬ፣ አትደንግጥ» አለችኝ። ገባች።

ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች። ሒሳብ ከሁሉም የበለጠችበት ትምህርት ነው። ማታ ሁላችንም ሰብሰብ ብለን ስናሞግሳት ማን እንደረዳት ተጠየቀች። እናቷን አነሳች፣ የሒሳብ መምህሯን አነሳች፣ አብራ የምታጠናውን ጓደኛዋን አነሳች። እኔን ስትደርስ ትንሽ አሰበችና «አባዬ ዓሣ ይገዛል» አለች።

ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ መጽሐፏን አንድ ጊዜ ገልጬ አየሁትና በክብር መልሼ ከደንኩት። ትንሹ 4ኛ ገብቷል፤ ሰሞኑን የዱር እንስሳ ሞዴል ታዝዞ ከካርቶን የሠራው አንበሳ ውሻ ይመስላል፤ እጄን ታፋዬ ሥር አድርጌ ተቀምጬ ነው የታገስኩት። ፍሪጁ ላይ የነበረው ፕሮግራም ወርዷል፤ የለጠፍኩበት ኮላ ግን አልለቅ ብሏል።

ስዕለቱን በተመለከተ፣ ጃንጥላው እስካሁን አልገባም። ተወዷል፤ ደግሞም ሥራ በዝቶብኛል። ልጄ በጠየቀችኝ ቁጥር «ቅዳሜ» እላታለሁ። ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ እሷ ትቆጥራለች።