የፍላንደርስ መንገድ

«ዘ ሲምፕሰንስ» የሚባለውን የአሜሪካ አስቂኝ ካርቱን ያየ ሁሉ ሆመርን ያውቃል። እኔን ግን የሚይዘኝ ጎረቤቱ ኔድ ፍላንደርስ ነው፤ ያ ባለ ሪዙ፣ ባለ መነጽሩ፣ ባለ አረንጓዴ ሹራቡ። ሆመር ዕቃውን ይዋሳል፣ አይመልስም፤ ፍላንደርስ ግን ሰላምታውን አይነፍገውም።

ካርቱኑ እ.ኤ.አ. በ1989 ራሱን ችሎ ከመጀመሩ በፊት ፈጣሪው ማት ግሬይኒንግ ለሆመር የአባቱን ስም ሰጠው። ለአጃቢዎቹ ደግሞ ካደገባት ከፖርትላንድ መንገዶች ስም ለቀመላቸው። በዚያች የኦሪገን ከተማ ከበርንሳይድ ወደ ሰሜን ስትሄዱ መንገዶቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይሰለፋሉ፤ ፍላንደርስ፣ አለፍ ብሎ ላቭጆይ፣ ከዚያም ኲምቢ። ጎረቤቱ፣ ፓስተሩ፣ ከንቲባው! ላቭጆይ የተባለው እውነተኛው ሰው ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ ነበር። በ1845 ከሌላው መሥራች ከፔቲግሮቭ ጋር ለስሟ ሳንቲም ጣሉ፤ እሱ ቢያሸንፍ ኖሮ ከተማዋ ቦስተን ትባል ነበር። ተሸናፊም መንገድ አገኘ፣ ደስ ይላል።

እና የእናቴ አብሮ አደግ፣ እትዬ፣ ፖርትላንድ ልጃቸው ጋ መጥተው «ፍላንደርስ መንገድ ላይ ነኝ» ብለው የቤቱን ቁጥር ሲነግሩኝ ልቤ ዘለለ። እንጀራና የሽሮ ዱቄት ይዤ ወጣሁ። ስልኬ የመራኝ ቦታ ስደርስ ታፔላው ላይ «ኤን ኢ» ይላል፣ ሰሜን ምሥራቅ ለማለት፤ አንዱ ታዲያ «ዲ» ጨምሮበት «ኔድ ፍላንደርስ» አድርጎታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ቆሜ ፎቶ አነሳሁ፣ በሩን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ሰውዬ ፌስታሌን አየ፣ እኔን አየ፤ እንጀራው በፌስታሉ ወዝቷል፣ «እትዬ የሉም?» የሚለው ጥያቄዬም አየር ላይ ቀረ። ለካ የእትዬ ፍላንደርስ ከወንዙ ማዶ፣ ሰሜን ምዕራብ ያለው ነው።

በአውቶቡስ የበርንሳይድን ድልድይ ተሻግሬ፣ ከዚያ በእግሬ። በዚህኛው ፍላንደርስ፣ ከአውራ ጎዳናው በላይ፣ በ2021 የተከፈተ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ አለ፤ ከተማዋ በይፋ የሰየመችው በኔድ ፍላንደርስ ነው። ለሆመር አይደለም፣ ለጎረቤቱ! ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ግን ድልድዩ መሐል ስደርስ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ።

እትዬ በሩን ሲከፍቱ «ምነው ልጄ፣ የት ቀረሽ?» አሉ። ቡናው እየተቆላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉ ሴት ናቸው፤ ፍላንደርስ ቶሎ ገባቸው። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞድ በ2000 በወጣ ክፍል ሞተች። ቆይቶ የሆመርን ልጅ የባርትን አስተማሪ ኤድናን አገባ። የኤድናን ድምፅ የምትሠራው ማርሻ ዋላስ በ2013 ስታርፍ፣ አዘጋጆቹ ሌላ ሴት በእሷ ድምፅ አትናገርም ብለው ኤድናንም አሰናበቷት። ሰውዬው ሁለተኛ ሐዘን ተቀመጠ።

«እኔን!» አሉ እትዬ፣ መቁያውን ከእሳቱ አንሥተው። «ሁለት ሚስት ቀብሮ? ታዲያ ያ ጎረቤቱ ያን ጊዜ እንኳ ዕቃውን አልመለሰለትም?»

«አልመለሰለትም።»

«አይ ሆመር!» አሉና እንጀራውን ከፌስታሉ ያወጡ ጀመር።