የፊርማው ሰልፍ

ስሙዝ ጃዝ ጆሮ ላይ ይለሰልሳል፤ ኪስ ላይ ግን ይሻክራል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ኬኒ ጂ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ በአፍንጫው እየሳበ በአፉ እየነፋ አንዲት ኖታ 45 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ይዞ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። እኔም ዋሽንግተን አጠገብ ለአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ፊርማ ከዚያ ያላነሰ ተሰልፌያለሁ፤ የመዘገበልኝ ግን የለም። የያዝኩት ሲዲ ሦስተኛ ቅጂዬ ነው (ማጫወቻ የለኝም)። ተራዬ ሲደርስ ስንት ቀን ያጠናሁት አድናቆት ከአፌ ጠፋ።

«ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

ፊቱ በራ። «ሙላቱ!» ብሎ ተነስቶ አቀፈኝ።

የሙላቱ አስታጥቄ ኮንሰርት አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ቢሆንም ትናንት አብረን ቡና እንደጠጣን ሁሉ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ፣ «ሰላም ብለውሃል» አልኩት።